የፍራፍሬ ዝንብ ጣዕም፣ ረሃብና አንጎል፦ የንባብና የሙከራ ማስታወሻ

የነርቭ ሳይንስን በትርፍ ሰዓታችሁ ለምታጠኑ ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን ስለ ፍራፍሬ ዝንብ አመጋገብ ካነበብኩትና በቤት ከሞከርኩት ዋና ዋናውን አካፍላችኋለሁ። ዝንቧ የጣዕም ሕዋሳት ያሏት በአፏ ብቻ ሳይሆን በእግሮቿ፣ በክንፎቿ ጠርዝና በጉሮሮዋ ውስጥም ጭምር ነው። ስለዚህ የበሰለ ሙዝ ላይ ስታርፍ ጣፋጭነቱን የምታውቀው ገና ስትረግጠው ሲሆን፣ ታጥፎ የነበረው ኩምቢዋም (ምግብ የምትመጥበት ረዘም ያለ አፏ) ወዲያው ይዘረጋል።

ይህን በዓይን ማየት አያስቸግርም። ዝንቧን በማቀዝቀዣ ጥቂት አደንዝዤ በጀርባዋ በፕላስተር ላይ ካጣበቅኋት በኋላ፣ በመጀመሪያ እስኪበቃት ድረስ ንጹሕ ውኃ ሰጠኋት፤ የተጠማች ዝንብ ለውኃም ኩምቢዋን ስለምትዘረጋ ይህ ካልቀደመ ውጤቱ አያስተማምንም። ቀጥሎ በስኳር ውኃ የራሰ የክር ጫፍ የፊት እግሯን ሳስነካት ኩምቢዋ ተዘረጋ፣ በጫፉ ያሉት ሁለት ከንፈሮችም ተከፈቱ። ስኳር ጠጥታ የጠገበችው ግን ያው ክር ሲነካት ንቅንቅ አላለችም።

ከንባቡ ሁሉ የገረመኝ በ2006 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በነርቭ ሳይንቲስቷ ክሪስቲን ስኮት ቤተ ሙከራ የተሠራው ጥናት ነው። ሚጥሚጣን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን ለዝንብ ምኗም አይደለም። ተመራማሪዎቹ ግን ካፕሳይሲንን የሚለይ የአጥቢ እንስሳ ተቀባይ ፕሮቲን ጣፋጭ በሚለዩ ሕዋሳቷ ውስጥ እንዲመረት ሲያደርጉ ዝንቧ ካፕሳይሲኑን ወደደችው፤ ያው ፕሮቲን መራራ በሚለዩት ሕዋሳት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሸሸችው። እንግዲህ ለዝንቧ ወሳኙ የምግቡ ኬሚካል ሳይሆን የነቃው ሕዋስ ማንነት ነው ማለት ነው፤ ይህን ያህል ንጹሕ ማስረጃ በሌላ ርእስ አላጋጠመኝም።

ከእነዚህ ሕዋሳት የሚነሣው መልእክት ከጉሮሮ በታች ወዳለው የአንጎል ክፍል ይደርሳል፤ ኩምቢውን የሚያዙት የእንቅስቃሴ ነርቮችም የሚገኙት እዚያው ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. 139,255 የነርቭ ሕዋሳት ያሉት የአንድ ሴት ዝንብ አንጎል ሙሉ ካርታ ይፋ የሆነ ሲሆን፣ በዚሁ ካርታ ላይ ተመሥርቶ በተሠራ የኮምፒውተር ሞዴል ጣፋጭ የሚለዩት ሕዋሳት ሲነቁ ኩምቢውን የሚያነሣው ነርቭ ይነቃል፣ መራራ ሲጨመር ደግሞ ይዳከማል።

በእኔ አስተያየት ካርታው ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄ የጠገበችው ዝንብ ለምን ዝም እንዳለች ነው። ነርቮቹ እርስ በርስ የተያያዙበት መስመር በረሃብም በጥጋብም ያው ነው፤ የሚለወጠው በላዩ የሚፈስሰው ኬሚካል ነው። ዝንቧ ስትራብ ኒውሮፔፕታይድ ኤፍ የተባለው መልእክተኛ ኬሚካል፣ ዶፓሚን በተባለ ሌላ የነርቭ መልእክተኛ በኩል ጣፋጭ የሚለዩትን ሕዋሳት ይበልጥ ስሜታዊ ያደርጋቸዋል፤ ረሃቡ ሲጠናም በሌላ መንገድ ለመራራ ያላት ስሜት ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር ረሃብ ጣልቃ የሚገባው አንጎል ከወሰነ በኋላ ሳይሆን መልእክቱ ገና ወደ አንጎል ሲገባ ነው።

ቀጥሎ የስኳሩን መጠን ደረጃ በደረጃ እያቀጠንኩ፣ የተራበችው ዝንብ እስከ ምን ያህል ቅጥነት ድረስ ኩምቢዋን እንደምትዘረጋ ልመዘግብ አስቤአለሁ።