የንባብ ማስታወሻ፦ አንጎል ለራሱ የሠራው ፍሬን

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ግሉታሜት (ነርቭ ሴሎችን የሚያነቃቃው የአንጎል ኬሚካል) ካነበብኩ በኋላ ካናቢኖይድ ሪሴፕተሮች፣ ማለትም ጋንጃ ውስጥ ያሉት ዓይነት ኬሚካሎች የሚያርፉባቸው የሴል መቀበያዎች ውስጥ ገብቼ ሰነበትኩ። ያስገባኝ እዚሁ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ቡና ስንጠጣ አንድ የሰፈር ልጅ "ጋንጃ እኮ ለጭንቅላት መድኃኒት ነው፣ ፈረንጆቹ አረጋግጠዋል" ብሎ ድርቅ ማለቱ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)፦ መሹላምና ጋኦኒ የሚባሉ ተመራማሪዎች ቲኤችሲን፣ የጋንጃን ዋና አስካሪ ኬሚካል፣ እስራኤል ውስጥ በ1964 ለይተው አወጡ። ቲኤችሲ የሚያርፍበት ሲቢ1 ሪሴፕተር ጂኑ የተገኘው ግን በ1990፣ አሜሪካ ነው። መቼም አንጎል ለአንድ ቅጠል ብሎ ሪሴፕተር አዘጋጅቶ አይጠብቅም። በ1992 ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው አናንዳማይድ ታወቀ፣ ቀጥሎ 2-ኤጂ የሚባለው ሌላው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ደብተሬ ላይ ሁለት ነርቭ ሴል ሣልኩ፣ ላኪውን ከላይ፣ ተቀባዩን ከታች። መልእክት እንደወትሮው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ይሄኛው ግን ወደ ኋላ ነው የሚሄደው! ግሉታሜት ሲበዛበት ተቀባዩ ሴል ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፣ ያኔ ከራሱ ሽፋን ቅባት 2-ኤጂ ሠርቶ ወደ ላኪው ይለቃል፣ እሱም ላኪው ጫፍ ላይ ካለው ሲቢ1 ጋር ሲገናኝ የካልሲየም መግቢያው ይጠብና የሚለቀቀው ግሉታሜት ይቀንሳል። ቀዩን ቀስት ወደ ላይ ስስለው ነው ነገሩ የገባኝ። ፍሬን ነው በቃ። በስትሮክ ወይም ጭንቅላት ሲመታ ከልክ ያለፈ ግሉታሜት ሴል ስለሚገድል ፍሬኑ ትልቅ ነገር ነው።

በ2003 የወጣ ጥናት ላይ የፊት አንጎላቸው ዋና ሴሎች ሲቢ1 እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ካይኒክ አሲድ (ነርቭ ሴሎችን ከልክ በላይ የሚያነቃቃ ኬሚካል) ሲሰጣቸው የሚጥል መንቀጥቀጡ ከሌሎቹ በጣም ከፋባቸው። ጭንቅላታቸው የተመታ አይጦች ላይ ደግሞ 2-ኤጂ ሲጨመርላቸው እብጠቱ ቀንሷል።

ታዲያ ልጁ ልክ ነው? እኔ አይመስለኝም። 2-ኤጂ የሚሠራው በተፈለገበት ቦታና ሰዓት ብቻ ነው፣ ወዲያው ኢንዛይም ያፈርሰዋል። የተጨሰ ቲኤችሲ ግን አንጎሉን ሁሉ በአንዴ ያዳርሳል፣ ለሰዓታትም ይቆያል። ሲቢ1 ደግሞ ጋባ የሚባለውን አረጋጊ ኬሚካል የሚለቁት ሴሎች ላይም በብዛት አለ፣ እነሱ ራሳቸው ሌላውን ሴል የሚያረጋጉ ናቸው፣ ስለዚህ ቲኤችሲው አረጋጊውንም አብሮ ዝም ያሰኘዋል። የማስታወስ ሥራ የሚሠራው የአንጎል ክፍል ሂፖካምፐስም በሲቢ1 የተሞላ ስለሆነ ያጨሰ ሰው የጀመረው ወሬ ቢጠፋው አይገርምም። ቶሎ ቶሎ የሚያጨስ ሰው ላይ ሪሴፕተሮቹ ራሳቸው ይቀንሳሉ።

ፍሬኑን መዝጋትም አያዋጣም። ሪሞናባንት የሚባል ሲቢ1ን የሚዘጋ የውፍረት መድኃኒት በ2006 አውሮፓ ውስጥ ተፈቅዶ፣ ሰዎችን ድብርት ውስጥ ስለከተተ በ2008 ከገበያ ወጣ። ይሄን ለልጁ ስነግረው "እሱ ኬሚካል ነው፣ ጋንጃ ተፈጥሮ ነው" አለኝ። ተውኩት።

አሁን ሲቢ2 (ሌላኛው ካናቢኖይድ ሪሴፕተር) እና ማይክሮግሊያ (የአንጎል የመከላከያ ሴሎች) ላይ ነኝ፣ የእብጠቱ ጉዳይ እዚያ ነው ያለው። ቀለል ያለ ሥዕል ያላችሁ ወዲህ በሉ።