ሁለት ሰው በላዎች

የካቲት 16፣ ባሕር ዳር

ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት። ለንግሥ ወደ ዘጌ የሚሻገረው ሕዝብ ከንጋት ጀምሮ ጀልባ ይጠብቃል። በዚህ ቀን የበላዔ ሰብእ፣ የሰው በላው፣ ታሪክ ሳይነሣ አይውልም። ከጥንት ድርሳናትና ተረቶች ሁሉ አንድ ሰው ምረጥ ብባል የምመርጠው እሱን ነው። ደግ ስለሆነ አይደለም፤ ሚስቱንና ልጆቹን ጨምሮ 78 ነፍስ በልቷል። እሱን ባነሣሁ ቁጥር ግን ሌላ ሰው በላ አብሮ ይመጣብኛል፦ በጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ በሆሜር «ኦዲሲ» ዘጠነኛ ክፍል ያለው ባለ አንድ ዓይኑ ፖሊፌመስ። የሁለቱም ነገር የሚዞረው በእንግዳና በመጠጥ ላይ ነው።

የበላዔ ሰብእን ታሪክ ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንጨርሰዋለን፦ «78 ሰው በልቶ በጥርኝ ውሃ ዳነ»። እንዲህ ሲያጥር ዋናው ነገር ይወድቃል። ሲነገር እንደኖረው፣ ሰውዬው አስቀድሞ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበር። ሰይጣን በእንግዳ ተመስሎ ቤቱ ገባና የገዛ ልጁን አሳረደው። የጠፋው በእንግዳ ተቀባይነቱ በኩል ነው፤ የተመለሰውም እዚያው በር ላይ ነው። ገላው በቁስል የተመታ ድሃ ውሃ ሲለምነው፣ በፈጣሪ ስም ቢጠራው እንኳ እምቢ አለ። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ቆም አለ፣ ጥርኝ ውሃም ሰጠው፤ ይህቺ ማርያም ከሲኦል እንደምታድን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ኖሯልና። እኔን የሚይዘኝ ይህ ቆም ማለቱ ነው። ሁሉን በልቶ ያልበላት አንዲት የልጅነት ወሬ ውስጡ ቀርታ ነበር።

ሁለተኛው የሚዘለለው ነገር ሲሞት ሥራው የተመዘነበት ሚዛን ነው። ጥርኝ ውሃ 78 ነፍስን አልመዘነም፤ ታሪኩም መዘነ አይልም። ውሃው ቀልሎ ሳለ እመቤታችን ጥላዋን ጣል ስታደርግበት ነው ሚዛኑ የደፋው። ይህን የዘለለ ተራኪ ምሕረቱን ወደ ገበያ ሒሳብ ይለውጠዋል። ያኔ ሰሚው «ታዲያ የተበሉት ሰዎች እንዲህ ርካሽ ነበሩ?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው።

ፖሊፌመስ የተገላቢጦሹ ነው። የታሪኩ ጀግና ኦዲሲዩስ 12 ሰዎች መርጦ ወደ ዋሻው ይገባና የእንግዳ ወግ ይጠይቃል። ፖሊፌመስ ግን ሁለት ሁለቱን እያነሣ ማታ፣ ጠዋት፣ እንደገና ማታ፣ በድምሩ ስድስት ሰው ይበላል። ተኝቶ ሳለ በሰይፍ ለምን አልወጉትም የሚል አንባቢ በሩን ረስቷል። ዋሻውን የዘጋው ቋጥኝ 22 ሠረገላ የማይነቀንቀው ነው፤ ባለቤቱ ከሞተ ሁሉም እዚያው ይቀበራሉ። ስለዚህ ሊያሳውሩት እንጂ ሊገድሉት አይችሉም። የወይን ጠጁ ነገርም እንዲሁ በልክ የተሠራ ነው፦ አንድ ጽዋ በ20 እጥፍ ውሃ ተበርዞ የሚጠጣውን፣ ኦዲሲዩስ ሳይበርዝ ሦስት ጊዜ ይቀዳለታል። ስሜ «ማንም» ነው ብሎ የሚነግረውም ያኔ ነው። ግዙፉ የእንግዳ ስጦታ ብሎ የሚመልስለት፣ «ማንምን ከሁሉ በኋላ እበላዋለሁ» የሚል ነው።

እዚህ ላይ አማርኛው ይፈትናል። በግሪክኛው፣ ሰክሮ በተኛበት ዓይኑን ሲያጠፉት፣ ፖሊፌመስ «ማንም እየገደለኝ ነው» ብሎ ሲጮኽ ጎረቤቶቹ የሚሰሙት «የሚገድለኝ የለም» የሚል ስለሆነ ትተውት ይሄዳሉ። በእኛ ቋንቋ ግን «ማንም» እንዲህ እንዲሰማ «አልገደለኝም» የሚል አፍራሽ ግስ ይፈልጋል። ያለ አፍራሹ ከተነገረ፣ «ማንም እየተነሣ ይመታኛል» እንደምንለው፣ የመጣ የሄደው ሁሉ ደበደበኝ የሚል ስሞታ ይሆናል፤ ጎረቤትም ዱላውን ይዞ ይሮጣል እንጂ አይመለስም። ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። መውጫው ግሱን ማስቀረት ነው። «ማን ነካህ?» «ማንም!» ብቻ። በአንድ ቃል መልስ ብልሃቱ ይሠራል። ጎረቤቶቹ ሲመልሱለት የሚሉት «ሜ ቲስ» (ማንም ካልነካህ) ደግሞ ብልሃት ከሚለው «ሜቲስ» ጋር ይገጥማል። የጎጃም ቅኔ ተማሪ ይህን ቢሰማ ስሙን ለመፈለግ አይቸገርም፤ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ የሚይዝበት ኅብር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማምለጥ፣ በጎቹን ሦስት ሦስት አድርጎ ማሰሩን፣ ሰዎቹን በመካከለኛው በግ ሆድ ሥር ማድረጉን፣ ራሱም በትልቁ አውራ በግ ሆድ ሥር መንጠልጠሉን፣ ልጆች ሳይቀሩ ይወዱታል። እኔ ግን ኦዲሲዩስን የማልምረው ጀልባው ላይ ሆኖ እውነተኛ ስሙን በመጮኹ ነው። ፖሊፌመስ ባሕሩን ለሚገዛው ለአባቱ ለፖሲዶን የሚከስሰው ስም ያገኘው ከዚያ ነው።

ባለ አንድ ዓይኑን ካነበቡ በኋላ ዘጌ ሄዶ ሥዕል ማየት ሌላ ነገር ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ጻድቅ ሰው ፊቱ ሙሉ፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል፤ ኃጥእና ሰይጣን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው፣ ጫማውን አውልቆ መቅደሱን የሚከብበውን ግድግዳ ሲዞር መጀመሪያ ዓይን ይቁጠር። ሥዕሎቹ ጨርቅ ላይ ተሠርተው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። እርጥበት ከኋላ ሲገባ ጨርቁ ያብጣል፣ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ በእጅ መንካት ክፉ ነው፤ የካሜራ ብልጭታም እንዲሁ።

በላዔ ሰብእ ጋ ሲደርሱ መብላቱን ትቶ ሚዛኑን መፈለግ ይሻላል። በዚህ ሥዕል ወግ ሰውም ዛፍም ጥላ አይጥልም። ታሪኩ ደግሞ ያለ ጥላ አይቆምም። ሠዓሊው እንግዲህ ጥላውን በአቋቋም መናገር አለበት፦ እመቤታችን ከሚዛኑ ምን ያህል እንደቀረበች፣ እጇ ወዴት እንደተዘረጋ፣ ውሃው ያለበት ወገን የቱ እንደሆነ።