ዳርዊን ንስሐ አልገባም

የአዳማው ፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። እዚህ ሰፈር ሰው የሚተዋወቀው ወይ መብራት ሲጠፋ ነው፣ ወይ ቡና ላይ። እኛ ብሎክ ሥር አንዲት ልጅ ጀበና ቡና ትሸጣለች፤ ቅዳሜ ከሰዓት በርጩማዎቿ ላይ የማንጠፋ አምስት ስድስት ሰዎች አለን። አንዱ አራተኛ ፎቅ ያለው መሐንዲስ ነው፣ ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ነው የሚለው። ድሮ እንደኔው ሰንበት ተማሪ ነበር፣ እስካሁን መዝሙር በቃሉ ያውቃል። አሁን ግን አያምንም። አያምንም ስል ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሰንፎ የቀረ ማለቴ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ አስቦበት፣ አንብቦበት፣ «እኔ በቃኝ» ያለ ሰው ነው።

የዛሬ ዓመት ገደማ ስለ ዝግመተ ለውጥ ስንከራከር አንድ ነገር አመለጠኝ። ነገሩ ከአቅሜ በላይ እየሆነ ሲመጣ «ዳርዊን ራሱ እኮ ሊሞት ሲል ተጸጽቷል፣ መጽሐፍ ቅዱስ እያነበበ ነው የሞተው» አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ነው፣ ቴሌግራም ላይም ስንቴ ደርሶኛል። ኢንጂነር አልተከራከረኝም። ስልኩን አወጣ፣ ፈለገ፣ አገኘ፣ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ዳርዊን የሞተው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ይሄ ወሬ የወጣው ደግሞ ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1915፣ በአንድ የአሜሪካ የባፕቲስቶች ጋዜጣ ላይ ነው፤ ታሪኩን ያወራችው ሌዲ ሆፕ የምትባል እንግሊዛዊት ሰባኪ ናት። የዳርዊን ልጅ ሄንሪየታ በ1922፣ አባቴ ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ፣ ሴትዮዋ ግን በሕመሙ ጊዜ አልነበረችም ብላ ጽፋለች።

ፊቴ ነደደ። መሸነፉስ ይሁን። ቀጥሎ ያለኝ ነው ሌሊቱን ሙሉ ያገላበጠኝ፦ «ይሄን ሳታጣሪ ካመንሽ፣ ትንሣኤውንስ በምን አጣርተሽ አመንሽው?»

እስቲ የራሳችንን ጉድ እንነጋገር። የናሳ ኮምፒውተር ኢያሱ ፀሐይ ያቆመበትን ቀን አገኘ የሚለውን ያልላከ ማን አለ? ናሳ እንዲህ ያለ ነገር የለም ካለ ስንት ዘመኑ። የኖኅ መርከብማ በየጊዜው ይገኛል። ስለ እውነት እንመሰክራለን እያልን፣ ያላጣራነውን «አሜን በሉ ሼር አድርጉ» እያልን እናሰራጫለን። ከዚያ ጎረቤታችን ስልኩን አውጥቶ በሁለት ደቂቃ ያጋልጠናል፣ እኛ ደግሞ ልቡ ስለደነደነ ነው እንላለን።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። የማላውቀውን አላውቅም፣ አጣርቼ እመጣለሁ ማለት። ሲጻፍ ቀላል ነው፣ ስታወጡት ግን ጉሮሮ ላይ ይተናነቃል። እኛ ሀገር አላውቅም ያለ ሰው እንደተረታ ነው የሚቆጠረው።

መጀመሪያ የሞከርኩት በፍልሰታ ነው። ኢንጂነር «መጽሐፍ ቅዱስን እኮ ቆስጠንጢኖስ ነው ኒቂያ ላይ በድምፅ ብልጫ ያጸደቀው» አለ። አጣርቼ ልምጣ አልኩት። ሳምንቱን ሙሉ ሰርቪስ ውስጥ ሳነብ ከረምኩ፤ የቃሊቲ መንገድ በሲኖ ትራክ ሲዘጋ ለንባብ ይመቻል፣ ሌላ ጥቅም የለውም። በ325 ኒቂያ የተሰበሰቡት አባቶች በዋናነት የተነጋገሩት በአርዮስ ትምህርትና በፋሲካ ቀን ላይ ነው። ያወጧቸው 20 ቀኖናዎች ዛሬም አሉ፣ አንዳቸውም የመጻሕፍት ዝርዝር የላቸውም። መጻሕፍቱ ኒቂያ ላይ ተመረጡ የሚለው ወሬ የሚገኘው በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ በተጻፈ የግሪክ ጽሑፍ ነው፤ በኋላ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር አራገበው። አራቱን ወንጌላት ከጥንት አባቶች አንዱ ሄሬኔዎስ በ180 አካባቢ ቆጥሯቸዋል። ዛሬ የምናውቃቸውን 27ቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት አትናቴዎስ በ367 በደብዳቤው ዘርዝሯል። አትናቴዎስ ማለት ፍሬምናጦስን፣ የኛን አባ ሰላማን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ነው። ደግሞ አንድ ጉባኤ በድምፅ ዘግቶት ቢሆን ኖሮ የኛ 81፣ የፕሮቴስታንቶቹ 66 ባልሆነ ነበር።

ኢንጂነር በስልኩ እያየ አንድ በአንድ አጣራ። ከዚያ ሳቀና «ያንቺ ዳርዊን ነው በይኛ» አለኝ። እሱም ከቲክቶክ ነው ያገኘው።

ወደዚያች ጥያቄ መመለስ ግን ነበረብኝ። ትንሣኤውን በምን አጣራሁት? ያለኝን ሰጠሁት። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው በ55 አካባቢ ነው፣ ከስቅለቱ ሃያ አምስት ዓመት እንኳ ቢሞላው ነው። ምዕራፍ 15 ላይ ኬፋን፣ ጴጥሮስን ማለት ነው፣ ይጠራል፣ ያዕቆብን ይጠራል፣ ከአምስት መቶ የሚበልጡ አዩት፣ የሚበዙቱም እስካሁን አሉ ይላል። ኢንጂነር ወዲያው «አምስት መቶ ሰው አየ ያለው አንድ ሰው ነው» አለ። ልክ ነው፣ ልክ ነህ አልኩት። ያዕቆብ ግን አይለቀኝም። የጌታ ወንድም የሚባለው ነው። ዮሐንስ ወንድሞቹ እንኳ አላመኑበትም ነበር ይላል፤ እንዲህ ያለውን የቤት ገመና ማን ፈጥሮ ይጽፋል? ይሄው ያዕቆብ በኋላ የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን መሪ ሆነ። ክርስቲያን ያልነበረው አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ ደግሞ ያዕቆብ በ62 ገደማ ሊወገር ተላልፎ እንደተሰጠ ጽፏል። በመካከል ምን አየ? እኔ መልስ አለኝ። ኢንጂነር «ሰው ለማያውቀውም ነገር ይሞታል» አለ። እዚያ ላይ ቆምን። አላሳመንኩትም፣ ግን እንደ ዳርዊኑ ቀን አላፈርኩም።

ጥቅምት ላይ ከጎን ብሎክ አንድ ሕፃን ሞተ። ድንኳን ተተከለ። አንድ ሰውዬ ለእናትየዋ «አምላክ ስለወደደው ነው የወሰደው» ሲሏት ኢንጂነር የእድሩን አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ እያለፈ ነበር፣ ቆሞ አየኝ። መልስ ስጪ ማለቱ ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔም ዝም አልኩ፣ ወንበሩን በአንድ ጫፍ ያዝኩለት። ማታ ቤቴ ገብቼ ኢዮብን ከፈትኩ። ወዳጆቹ ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ ደህና ነበሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ ነው የተበላሸው። ምዕራፍ 13 ላይ ኢዮብ ለእግዚአብሔር ብላችሁ ትዋሻላችሁ ወይ ይላቸዋል። በመጨረሻም እግዚአብሔር ቁጣዬ ነደደ ያለው ሲሟገተው በከረመው በኢዮብ ላይ አይደለም፣ ጠበቃ ሆነው በቆሙለት ላይ ነው። ስንቴ አንብቤው ራሴን ከኢዮብ ጋር ነበር የምቆጥረው።

ባለፈው ቅዳሜ ኢንጂነር አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ከነዓናውያን ሕፃናቶቻቸው ሳይቀሩ ለምን እንዲጠፉ ታዘዘ? ስኒዬን አስቀመጥኩ። የሆነ መልስ ነገር ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። «አላውቅም» አልኩት።

ወደ ልጅቷ ዞረና «የዛሬውን እኔ እከፍላለሁ» አላት። «የሚቀጥለው ሳምንት ግን በሷ ነው።»