ወንዶቹ ለምን አልወረዱም? የሆታም ተራራ የሥራ ገጠመኝ

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት፣ ሆታም ተራራ ላይ ለበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ የተዘረጋው መንገድ የተራራ ፒግሚ ፖሰም የምትራባበትን የቋጥኝ ክምር ለሁለት ቆርጦት ያልፋል። ይህች አይጥ የምታህል እንስሳ 45 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ልጆቿን በሆዷ ከረጢት ታሳድጋለች። ሳይንስ መጀመሪያ ያወቃት በ1895 እ.ኤ.አ. በቅሪተ አካሏ ብቻ ነበር። ከምድር ጠፍታለች ሲባል ኖሮ በ1966 እዚያው ሆታም ላይ፣ የሸርተቴ ክበብ ጎጆ ውስጥ በሕይወት ተገኘች።

በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች መንገድ የቆረጠውን ስፍራ ካልተነካው ጋር ሲያስተያዩ፣ በመንገዱ አካባቢ የበረዶውን ወራት አልፈው የሚገኙት ሴት ፖሰሞች በጣም ጥቂት ሆኑባቸው። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው መኪና ነው። ምክንያቱ የተገኘው ግን በወጥመድ ቆጠራው ውስጥ ነው።

ቆጠራው የሚካሄደው ዋልነት በተደረገበት የብረት ሳጥን ወጥመድ ነው። እንስሳዋ የምትሸጎጥበት ደረቅ መጎዝጎዣ አብሮ መግባት አለበት፤ ያለዚያ ይህን ያህል ትንሽ አካል በቀዝቃዛ ብረት ውስጥ ሌሊቱን ሙቀቱን ይጨርሳል። ስለዚህ ወጥመዱ ገና ሲነጋጋ ይታያል። የተያዘችው ትመዘናለች፣ ምልክት ይደረግባታል፣ ከረጢቷ ይፈተሻል። ጡቷ አራት ብቻ ስለሆነ ከአራት በላይ ልጅ አታሳድግም። ከሁሉም በላይ ግን ጾታው ከቀኑና ከቦታው ጋር ሳይዛነፍ መመዝገብ አለበት፤ እዚህ ላይ የተሳነፈ ሰው ችግሩን ፈጽሞ አያየውም ነበር።

ሴቶቹ የሚሰፍሩት ቋጥኙ በበዛበት ከፍታ ላይ ነው። በጸደይ ከሩቅ ቆላ እየበረሩ የሚመጡት የቦጎንግ የእሳት ራቶች በዚያው የድንጋይ ስንጥቅ ስለሚያርፉ ቀለቡ እዚያ ነው። ወንዶቹ በመራቢያው ወቅት ወደ ሴቶቹ ይወጣሉ፤ ሲያበቃ ወደ ዝቅተኛው ተዳፋት ይመለሳሉ። መንገዱ ባለበት ስፍራ ግን መመለሻ አጡ። ይህ ፍጥረት ከድንጋይ ሽፋን ወጥቶ ገላጣ መሬት ማቋረጥ አይደፍርም፤ ቀበሮና ድመት አለበት። ወንዶቹ እዚያው ሲቀሩ ከሴቶቹና ከልጆቹ ጋር በምግብና በመጠለያ ይሻሙ ጀመር። ሴቷ ደግሞ በበረዶው ሥር እስከ ሰባት ወር የምትተኛው በሰውነቷ ባጠራቀመችው ስብ ነው፤ ሳትወፍር ከተኛች አትነሣም።

መፍትሔው በመንገዱ ሥር የተሠራው መተላለፊያ ነው። ጎን ለጎን የተቀበሩ፣ እያንዳንዳቸው 0.9 በ1.2 ሜትር የሆኑ ሁለት መሿለኪያዎች ናቸው፤ በግራና በቀኝ ያለው የድንጋይ ክምር እንደ ማጥለያ ሰፍቶ ጀምሮ ወደ አፋቸው እየጠበበ ይሄዳል። ባዶ የሲሚንቶ ቱቦ ቢቀበር ኖሮ ለእንስሳዋ ሌላ ገላጣ ሜዳ ነው። ስለዚህ ውስጡም ድንጋይ አለው፤ በድንጋዩ መሐል አይጥ የምታህል እንስሳ የምትሽሎኮሎክበት ክፍተት አለ። በዚህ ሥራ ከባዱ ነገር ያ ክፍተት ነው። ጠጠርና አፈር የተቀላቀለበት ሙሌት ለመንገድ ሠራተኛ ጥሩ ሙሌት ነው፤ ለእንስሳዋ ግን ግድግዳ ይሆንባታል። ጎርፍ ያመጣው ደለልም ያንኑ ያደርጋል።

መተላለፊያው ከተሠራ በኋላ ወንዶቹ በወቅቱ ወረዱ፤ የሴቶቹም በሕይወት የመቆየት መጠን ካልተነካው ስፍራ ጋር ተስተካከለ። መኪናው ያው ነው፣ መንገዱም አልተነሣም።

መሿለኪያው የማይፈታው ችግርም መጥቷል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድርቅ ምክንያት የቦጎንግ የእሳት ራቶች ቁጥር ክፉኛ ወደቀ፤ በከረጢታቸው ልጅ የያዙ እናቶችም ልጆቻቸውን አጡ። የእንስሳት መጠበቂያ ባለሙያዎች የእሳት ራቱን ንጥረ ነገር የሚተካ ብስኩት አዘጋጅተዋል፤ ለክፉ ቀን ያገለግላል። ቆጠራ የሚያካሂድ ሰው አሁን ከወንዶቹ መውረድ ሌላ የእሳት ራቶቹንም መምጣት አብሮ መመዝገብ አለበት፤ የሴቷ ክብደት ቀንሶ ሲገኝ የተዘጋው መተላለፊያው ይሁን ወይስ የጠፋው ቀለቡ የሚለየው በዚያ ነው።