ቡናማው ቀለም ያሳሳተኝ ጊዜ

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የያዝኩት ጥያቄ አንዲት ናት። የአፍንጫ ፖሊፕ፣ ማለትም በአፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ለስላሳ እብጠት፣ ብዙ ጊዜ ኢዮሲኖፊል በሚባል ነጭ የደም ሕዋስ የተሞላ ነው። ይህ ሕዋስ የሚመጣው ከደም ነው። ደም ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ታዲያ በዚያ ፍጥነት መሃል ልክ አፍንጫ ላይ ሲደርስ እንዴት ይወርዳል?

ምስጢሩ የደም ሥሩ የውስጥ ግድግዳ ላይ ነው። አካባቢው ሲቆጣ ግድግዳው አጣባቂ ሞለኪውሎችን ያወጣል። መጀመሪያ ሴሌክቲኖች ሕዋሱን ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ያንከባልሉታል። ከዚያ አይካም-1 እና ቪካም-1 ጥብቅ አድርገው ያቆሙታል። ሕዋሱም በግድግዳው መሃል ሾልኮ ይወጣል። እኔን የማረከኝ ቪካም-1 ነው። ኢዮሲኖፊል እሱን የሚጨብጥበት ቪኤልኤ-4 የሚባል መያዣ አለው፤ ኒውትሮፊል የሚባለው ሌላ ነጭ የደም ሕዋስ ግን ይህ መያዣ እምብዛም የለውም። በአለርጂ ጊዜ የሚበዙት ኢንተርሉኪን-4 እና ኢንተርሉኪን-13 የተባሉ የሕዋስ መልእክተኞች ደግሞ ግድግዳው ቪካም-1ን እንዲያወጣ ያደርጋሉ። ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በቀዶ ሕክምና የወጡ ፖሊፖችን በስሱ ቆረጥኩ። ቪካም-1ን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ፣ ከዚያም አንቲቦዲው ያለበትን የሚያሳይ ማቅለሚያ ጨመርኩ። ሞለኪውሉ ያለበት ቦታ ቡናማ መሆን አለበት። ማይክሮስኮፑን ሳይ ስላይዱ ሁሉ ቡናማ በቡናማ ሆኗል! ደስ ብሎኝ ወደ አማካሪዬ ሮጥኩ።

«ኮንትሮሉን እስቲ አሳዪኝ» አሉኝ።

አልሠራሁም ነበር። ኮንትሮል ማለት ያ አንቲቦዲ ያልገባበት ስላይድ ነው፤ ባዶ መሆን ይገባዋል። ተመልሼ ሠራሁት። እሱም ቡናማ ሆነ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቡናማውን ቀለም የሚያወጣው በማቅለሚያው ላይ የተለጠፈ ፐርኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ኢዮሲኖፊል ደግሞ በተፈጥሮው የራሱ ፐርኦክሲዴዝ አለው፤ ያውም በብዛት። ቪካም-1 ብዬ የቆጠርኩት ሁሉ ኢዮሲኖፊሉ ራሱ ያወጣው ቀለም ነበር። የሳምንታት ቆጠራዬን ጣልኩት። በጣም አመመኝ።

በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ኢንዛይሙን ለማክሰም ሞከርኩ። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በመጨረሻ የማቅለሚያውን ኢንዛይም አልካላይን ፎስፋቴዝ በሚባል ሌላ ኢንዛይም ቀይሬ ቀይ ቀለም ተጠቀምኩ። ያኔ ኮንትሮሉ ጠራ።

ሁለት ናሙናዎች ግን ከሌሎቹ ተለይተው ባዶ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። መዝገባቸውን ሳገላብጥ ታካሚዎቹ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የስቴሮይድ ኪኒን ወስደዋል። ስቴሮይድ ግድግዳውን የሚቀሰቅሱትን መልእክተኞች ያዳክማል፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር ላወዳድራቸው አልችልም። ከጥናቱ አወጣኋቸው። ናሙና ከመቀበሌ በፊት ስለ መድኃኒት መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

በቀሩት ስላይዶች ላይ ቀዩ ቀለም የትንንሾቹን ደም ሥሮች ግድግዳ ተከትሎ እንደ ቀጭን ክር ይታያል። ከክሩ ወዲያ ማዶ ኢዮሲኖፊሎቹ ተኮልኩለዋል።