ዕቃ ሳይጫን ቤቱን አስረክቡ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም ስዛወር ስለ አይሱዙ ዋጋ፣ ስለ ደላላ፣ ስለ አዲሱ ሠፈር ውሃ የመከረኝ ሰው ሞልቶ ነበር። ቤት ስለ ማስረከብ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። እኔ ልንገራችሁ።

ቀላሉን ላስቀድም። የመጋረጃ ሚስማር ነቅላችሁ ቀዳዳውን በጄሶ ድፈኑ። የተሰበረ ማብሪያ ማጥፊያ ካለ ራሳችሁ ቀይሩ፤ አከራይ ሲቀይረው ዋጋው ይወልዳል። ከሰል ያጠቆረው ኮርኒስ የእናንተ ዕዳ ነው፣ አትከራከሩ፤ እኔም የማበስልበትን ክፍል በራሴ ገንዘብ አስቀብቻለሁ። ቆጣሪው የግቢው የጋራ ከሆነ በወጣችሁበት ቀን ንባቡን ፎቶ አንሱት፤ ቢሉ የሚመጣው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ደግሞ መውጫችሁ ሲደርስ ብዙ አትሙሉ።

አሁን ወደ ግድግዳው።

ቤቱን ያከራዩኝ እማማ ናቸው፤ ቡና ሲፈላ የሚጠሩኝ፣ ስታመም አጥሚት ይዘው የሚመጡ ሰው። ያስረከብኩት ግን ለልጃቸው ነው። በዚያው ጠዋት ከባሕር ዳር ገባ። አይሱዙው በር ላይ ቆሟል፣ ግማሹ ዕቃ ተጭኗል፣ ሹፌሩ «ዝናብ ሳይመጣ እንውጣ» እያለ ይነጫነጫል። ልጅየው አልጋዬ ከተነሳበት ግድግዳ ፊት ቆመና «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ቀለሙ ከወለሉ እስከ ጉልበት አብጦ ተላልጧል።

ደብረ ማርቆስ የከረመ ሰው ይህን ዓይነት ግድግዳ ያውቀዋል። የጎረቤት ጣሪያ አሸንዳ የለውም፤ ክረምቱን ሙሉ ውሃው ከቤቱ ጀርባ ይወርዳል። ብሎኬቱ ይጠጣና ቀለሙን በውስጥ በኩል ይተፋዋል። ለእማማ ክረምት በገባ ቁጥር ነግሬያቸዋለሁ። «አዬ ልጄ፣ እሱ ከድሮም እንዲሁ ነው» ነበር መልሳቸው። ልጅየው ግን «እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ እያሰጣችሁ ነው» ብሎ ደመደመ። ክፍሉ በሙሉ ይቀባል፣ ለዚህም ስገባ የሰጠሁት ማስያዣ አይመለስም አለ። ወደ እማማ ዞርኩ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ጓዳ ገቡ።

ሰዓቱ የእሱ እንደሆነ ገብቶታል። እኔ ሹፌሩ በየደቂቃው የሚጨምረውን ዋጋ እያሰላሁ፣ እሱ በር ተደግፎ ይጠብቃል። ቁልፉን ሰጥቼ ወጣሁ።

ከሳምንት በኋላ ተመልሼ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ውሉን ገለበጥ ገለበጥ አደረገና «አልተመዘገበም» አለኝ። እርግጥ ነው፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በ30 ቀን ይመዝገብ ይላል፤ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያም ይከለክላል። ግን ስገባ እዚያው ቢሮ ጠይቄ «እዚህ ገና አልተጀመረም፣ ሁለታችሁ ከተፈራረማችሁ ይበቃል» ያለኝ ማን ሆነና? ይህን ስነግረው «በሽማግሌ ጨርሱት» ብሎ ቀጣዩን ሰው ጠራ። ለዚህማ ማኅተም ምን ይሠራል?

ሽማግሌ ገባ። ደግነቱ አንደኛው፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ወደ ውጭ ወጥተው የጎረቤቱን ጣሪያ ያዩ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። «ይሄማ የውሃ ሥራ ነው» አሉ። ከዚያ ምን ተፈረደ? ማስያዣው እኩል ይካፈል! ውሃው የሰማይ ከሆነ ግማሹ ከእኔ ኪስ ለምን ይወጣል? ሽምግልና ሁለቱንም ወገን እኩል ካላስከፋ የታረቀ አይመስለውም።

ሰው ሁሉ «የመጨረሻውን ወር ከፍላችሁ ማስያዣችሁን ተቀበሉ» ይላችኋል፤ ውሉም ላይ የሚጻፈው እንዲሁ ነው። እኔ አልስማማም። እንደምትለቁ ስትናገሩ ያኔውኑ «የመጨረሻው ወር ከማስያዣው ይታሰብልኝ» በሉና በጽሑፍ አስፈርሙ። አከራዩ ይከፋዋል፣ ይክፋው። በእጁ ያለ ገንዘብ ከወጣችሁ በኋላ የሚመለሰው በልመና ነው።

ርክክቡንም ዕቃ ከሚጫንበት ቀን አስቀድሙት፤ በቀን ብርሃን፣ አልጋና ቁምሳጥን ከግድግዳ አላቃችሁ። መኪና በር ላይ ቆሞ ቤት አይታይም። በገንዘቡ የሚወስነው ሰውም ራሱ ይምጣ፤ ከእናት ጋር ኖራችሁ ከልጅ ጋር እንዳትጣሉ። በበጋ ቤት ስትከራዩ ደግሞ ከግድግዳው ሥር ብቻ አዲስ ቀለም ካያችሁ ለጎረቤት «ክረምት እንዴት ነው?» በሉ። ፍኖተ ሰላም ያሉት አከራዬ ገና ሳልገባ የእያንዳንዱን ክፍል ጉድለት ጽፌ ሳስፈርማቸው «ቤት ነው ወይስ ሚስት የምታጫት?» ብለው ሳቁብኝ። ግን ፈረሙ።

ከተፈረደልኝ ግማሽ ላይ ገና ቀሪ አለ። አሸንዳውም አልተሠራም። በቅርቡ አዲሷ ተከራይ ስልኬን ከጎረቤት ወስዳ ደወለችልኝ፤ ከአልጋዋ በስተኋላ ያለው ቀለም ማበጥ ጀምሯል። እኔ ግድግዳውን ያነሳሁትን ፎቶ ከነቀኑ ልኬላታለሁ።