ባሕሩ የታለ?

ትልቋ ልጄ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበረች። ባሕር ጨው አለው፣ መርከብ አለው፣ ማዶው አይታይም ተብላ ተምራለች። በ2011 ዓ.ም. የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ «ባሕር ዳር እንሄዳለን» አልኳት። «ጨው አለው?» አለችኝ። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና እንዲህ ያለ ጥያቄ አላሳልፍም። ጣና ሐይቅ ነው፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው እያልኩ ስቀጥል ፊቷ ጠቆረ። «ታዲያ ለምን ባሕር ዳር አሉት?»

እናቴ ከምድጃው ሥር ሆና «አባትሽን ተይው፣ ባሕር ነው» አለቻት።

ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ነውና እማማን ይዞ መንገድ መውጣት አይታሰብም። በማግስቱ ረቡዕ ከደብረ ማርቆስ ተነሣን። ድፎ ዳቦው ቡሬ ሳንደርስ አለቀ። እንጅባራ ላይ ጥር 23 ለሚከበረው የፈረሰኞች በዓል የተሸለሙ ፈረሶች አስፋልቱን ሞልተውት፣ መኪናው እንደ ኤሊ ሲሳብ ትንሹ ልጄ 41 ፈረስ ቆጠረ። ከዚያ በኋላ ስለ ፈረስ እንጂ ስለ ባሕር የሚሰማኝ አጣሁ።

ያረፍንበት ቤት ስሙ ይቅር። መስኮቱን ስትከፍት ጣና ነው፤ ቧንቧውን ስትከፍት ነፋስ። እማማ ጀሪካኑን እያየች «ባሕር አጠገብ ተኝቶ ውሃ መለመን!» እያለች ሦስቱንም ቀን ሳቀችብን። ምሳ ላይ ልጆቹ የተጠበሰ ቀረሶ ከነራሱ ሲቀርብላቸው ትንሹ ዓይኑን በናፕኪን ሸፈነለትና በላው። እማማ ረቡዕ ነው ብላ ሽሮዋን አዘዘች፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ከእሷ ጋር ድሮ ትቼዋለሁ።

ልጆቹ የሚፈልጉት መዋኘት ነበር። የከተማው ልጆች ሲንቦጫረቁ እያዩ መከልከል ከባድ ነው፤ ግን ከለከልኩ። በሐይቁ ዳር ዳር ብልሃርዝያ አለ። ትሉ መጀመሪያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ወደ ውሃው ወጥቶ እግሩን የነከረ ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ይህን ሳስረዳ ትልቋ አኮረፈች፤ ትንሹ ግን ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ለድንጋይ ቀንድ አውጣ ሲፈልግ ዋለ፤ «አትንካ» እያልኩ ተከትየው ስዞር እኔም ዋልኩ። ማታ ዘንባባው ሥር ብስክሌት ተከራየንላቸው፤ ኩርፊያው በዚያው በረደ።

ሐሙስ በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ሄድን፤ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ለትንሹ የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት ስላልነበረ ያለበሱት እስከ ጉልበቱ ደረሰ። መንገድ ላይ እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳ አጋጠመን፤ ቀዛፊው ጭነቱ ላይ ቁጭ ብሏል። «አባዬ፣ ሣር ላይ ነው የተቀመጠው!» ብሎ ጮኸ። ጀልባ ነጂያችን «ልክ ነህ ጎበዝ፣ ሣር ነው» አለው፤ ውሃ ስለሚጠጣም ዳር ወጥቶ በፀሐይ ካልደረቀ እየከበደ እንደሚሄድ ነገረው። ልጄ ከዚያ ወዲያ የሚያምነው እሱን ብቻ ሆነ። እኔ የክፍል ውስጥ መምህር ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ዘጌ ላይ በቡናው ጫካ ሽቅብ ስንወጣ ከሁላችን ቀድማ የደረሰችው እማማ ናት። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስንገባ ልጆቹ ሥዕሉ ይሰለቻቸዋል ብዬ ነበር። በላዔ ሰብእ ጋ ግን ተተከሉ። 78 ሰው የበላ ሰው፣ ለአንድ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ ስላጠጣ በሚዛን ዳነ ሲሏቸው ትልቋ አሰብ አድርጋ «ውሃው ከጣና ነው?» አለች። እማማ «ከየትም ይሁን ልጄ፣ አጠጥቷል» አለቻት።

ስንመለስ ነጂው ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጋ አዞረንና ሞተሩን አጠፋ። የጉማሬ ጆሮ ብቻ፣ ሁለት ጥንድ፣ ብቅ ጥልቅ አለ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ትንሹ የእማማን ነጠላ በሁለት እጁ ጨብጦ እስከ ወደቡ ሳይለቃት ቀረ።

ዓርብ ጢስ ዓባይን ለማየት ሄድን፤ በጥር መሄድ የለብንም ነበር። ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫው ስለሚቀለበስ ከገደሉ የሚወርደው ቀጭን ነው። «ጢሱስ?» አሉኝ። ለመስከረም ቀጠርኳቸው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ተመለሱ።

ማታ ሐይቁ ዳር ቡና ስንጠጣ ትልቋ ጠፋች። ስፈልጋት ከድንጋዩ ላይ ተንጋላ ጣቷን ነክራ ስትልሰው ደረስኩ። ልቆጣ አፌን ስከፍት «ጨው የለውም» አለችኝ። እማማ ከኋላዬ፣ «ጨው ቢኖረው ማን ይጠጣው ነበር? ይልቅ ማዶው ይታይሻል?»

አየች። «አይታይም።»

ትምህርት ሲከፈት ዕረፍታችሁን ጻፉ ተብለው «ባሕር አየሁ» ብላ ጻፈች። መምህሯ «ሐይቅ» ብላ በቀይ አርማላታለች። ከቀዩ ሥር፣ በእርሳስ፣ በደቃቁ፣ «እማማ ባሕር ነው ብላለች» የሚል አለበት።